ለሠላሳ ሁለት ዛፍ የሚበቃ ትሪ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ባለው ወርክሾፓችን ኬክ ተቆረሰ፣ ካርድ ተፈረመልኝ፣ አለቃችንም አጭር ንግግር አደረገ። ከዚያ የኮምፒውተር መቁረጫው ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ "ጌታቸው፣ እዚህ ከሠራኸው ሁሉ የምትኮራበት የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ያንን የቢራ ፋብሪካ ታንከር እንድል ጠብቀው ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅቶ በክሬን የወጣ ነው። እኔ ግን "አንድ ትሪ" አልኩ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቅር እያለኝ ኬኬን በላሁና ወጣሁ። ቤቴ ተቀምጬም ነገሩ አልበርድልህ አለኝ፤ ይኸው ልጽፈው ተነሣሁ።

ሙያዬ ላሜራ ነው። የጀመርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አሮጌ በርሜል ቀድደን ባልዲ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ እናወጣበት ነበር። ቀጥዬ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት የውሃ ቦቴ በየድኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጣሁ። ስለ ምርጫው የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ እኔ የማውቀው ብረት ስለሆነ ስለ ብረት ልጻፍ።

ለንደን እንደገባሁ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ በአንድ ምግብ ቤት ሁለት ዓመት ዕቃ አጠብኩ። አንዳንዱ ውርደት ነው ይላል። እኔ ግን የማጥበውን ድስት ሁሉ መጋጠሚያውን በጣቴ እየዳሰስኩ "የዚህኛው በያጅ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያኛው ደግሞ ሰነፍ ነው" እያልኩ ስተች ጊዜው ያልፍልኝ ነበር። በኋላ ፓርክ ሮያል ለምግብ ፋብሪካና ለትልልቅ ወጥ ቤቶች ከማይዝግ ብረት ዕቃ የሚሠራ ወርክሾፕ ጠራጊ ይፈልጋል ሲባል አፕላይ አደረግሁ። ወረቀቱ ወራት ፈጀ፣ ደመወዙም ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት በቃ፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

በሦስተኛው ወር፣ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ አንድ ያለቀ ድስት ስዳስስ ዴዝሞንድ ያዘኝ። ዴዝሞንድ የወርክሾፑ ዋና በያጅ ነው። የካሪቢያኗ ደሴት የባርቤዶስ ሰው ነው፣ ያኔ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ከጆሮው ላይ ጠመኔ የማይለየው።

"ምን አገኘህበት?" አለኝ።

"እዚህ ጋ ቸኩለሃል" አልኩት።

አጎንብሶ አየ። መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየ። ከዚያ መጥረጊያውን ከእጄ ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና የብየዳ ጭንብል ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ዴዝሞንድ እለው ጀመር። "ጋሽ" ምን ማለት እንደሆነ ስነግረው ስለወደደው ላሜራ ላይ ቀርጾ ሎከሩ ላይ ለጠፈው። በእንግሊዝኛ የማወራውን ሰው አንቱ ማለት ግን አይሆንልኝም፣ ስለዚህ እዚህም "እሱ" እያልኩ እጽፋለሁ።

ጋሽ ዴዝሞንድ ሁለት ልማድ ነበረው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዕቃውን ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሥልና "ከዚህ ምን ይወጣል? ምን ይቀራል?" ይላል። ለሾርባ ድስት መልሱ "ምንም አይውጣ" ነው። ለወተት ማቀዝቀዣ "ሙቀቱ ይውጣ፣ ወተቱ ይቅር" ነው። መልሱን ሳይሰማ መቀስ አያነሣም። ሁለተኛው፣ ዕቃው ሲያልቅ ውሃ ይሞላበትና ራሱ በሠራት፣ ጎኗ በተጨራመተ ኩባያ ቀድቶ ይጠጣል። "እኔ ያልጠጣሁበትን ሌላ ሰው አይጠጣበትም" ይላል። እኛም አገር ጠጅ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ በመዳፉ ቀምሶ ነበር የሚያሳልፈው። ስለዚህ ይህን ልማዱን ሳይ ሰውየውን የበለጠ ወደድኩት።

አሁን ወደ ትሪው ልምጣ።

እትዬ አልማዝን ደብራችን የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በዓል ሲመጣ የሕዝቡን ወጥ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ወጥ ቤት ካሉ ቄሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚገቡት። "ሽንኩርቱ ይበቃል" ካሉ ይበቃል። አንድ ጥር ላይ ደውለው ካምደን ቤታቸው አስጠሩኝ። ማዕድ ቤት አስቀመጡኝና በሩን ዘጉ። ባላቸው ጆርጅ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቷል።

ጆርጅ እንግሊዛዊ ነው፣ የባስ ሾፌር የነበረ። በወጣትነቱ ካናዳ ሐዲድ ሥራ ላይ ሳለ፣ እዚያ በጸደይ መግቢያ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳውን ውሃ አፍልተው የሚሠሩትን ሽሮፕ በዳቦ መብላት ለመደ። አገሩ ሲመለስ፣ ከትዩቡ፣ ከምድር ባቡሩ፣ የመጨረሻ ጣቢያ ወዲያ አባቱ በተዉለት ቁራሽ መሬት ላይ ሠላሳ ሁለት የሜፕል ችግኝ ተከለ። በየዓመቱ "ትንሽ ይወፍሩ፣ ለሚቀጥለው" ሲል ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ ልቡ ደክሞ፣ እግሩ አብጦ፣ ኑሮው ከአልጋ ወደ ወንበር ሆኖ ነበር።

"ሐኪሙ የሚቀጥለውን ዓመት ጸደይ አታስቡት ብሎኛል" አሉኝ እትዬ አልማዝ። "ለሱ አልነገርኩትም። ከራሱ ዛፍ አንድ ጠብታ እንኳ ሳይቀምስ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ዘንድሮ ነው ጌታቸው፣ ሌላ ጊዜ የለንም። ደግሞ ድንገት ነው የማቀርብለት፣ እንዳይሰማ።"

አምና እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከሁለት ዛፍ ቀድተው እዚያው ማዕድ ቤት ሞክረው ነበር። እንፋሎቱ የጣሪያውን ቀለም ላጠው፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ከታች ያለችው ጎረቤት ለካውንስል፣ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ደወለች። በድንጋጤ ሳይደርስ ደፉት።

ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን መጽሐፍ አሳዩኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ትሪ ነው። ማትነኛ ነው፤ ሥራውም አንድ ብቻ ነው፣ ውሃውን በእንፋሎት አስወጥቶ ስኳሩን ማስቀረት። አርባ ሊትር ያህል የዛፍ ውሃ ፈልቶ አንድ ሊትር ሽሮፕ ቢቀር ነው።

"ይሄ የፈረንጅ ማካበድ ነው" አሉ፣ ትሪውን በጣታቸው እየጠቆሙ። "እኔ ለሺህ ሰው ወጥ ያወጣሁ ሴት ነኝ። ጎላ ሥራልኝ። ጠለቅ ያለ፣ ሰማንያ ሊትር የሚይዝ።"

ሥዕሉን እንዳየሁ ገብቶኛል። ውሃ የሚተነው በፊቱ በኩል ነው፤ ፊቱ በሰፋ ቁጥር ቶሎ ይተናል። ጎላ የተሠራው ደግሞ ወጡ እንዳይደርቅ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ግን እናቴ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እትዬ አልማዝን "ተሳስተዋል" የሚል ምላስ ከየት ላምጣ? "እሺ እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ።

አለቃችን የተረፈ ላሜራ ፈቀደልኝ፣ ከሥራ በኋላ እየቆየሁ ጎላውን ሠራሁ። እውነት ለመናገር ሥራው ያምር ነበር። ጋሽ ዴዝሞንድ ዞሮ ዞሮ አየው።

"ከዚህ ምን ይወጣል?" አለኝ።

"ውሃ። የዛፍ ውሃ ይፈላበታል፣ ሽሮፕ ሊሆን።"

"እና በዚህ በጠበበ አፍ ነው የሚወጣው?"

"ሴትየዋ የምትፈልገውን ታውቃለች።"

"ስለ ሴትየዋ አልጠየቅኩህም። አንተን ነው።"

አቀርቅሬ ጎላውን መወልወል ቀጠልኩ። ውሃ ሞልቶበት በኩባያው ቀዳ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ። "ጥሩ ድስት ነው" አለ፣ "ለወጥ።" ከዚያ ኮቱን ለብሶ ሄደ። በዚያች ደቂቃ ስልክ አንሥቼ ብደውል ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም።

የዛፉ ውሃ የሚወርደው ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ሲሆን ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ቡቃያው ሲፈነዳ ጣዕሙ ይበላሻል። የካቲት መጨረሻ ላይ እትዬ አልማዝ "ጀመረ" ብለው ደወሉ። ዛፎቹን በስተን ባልዲ ሰቀልን። በጥሩ ቀን ከሠላሳ ሁለቱ ዛፎች መቶ ሊትር ይገኝ ነበር። እኔ ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሜዳው ላይ ድንጋይ ጎልተን፣ እንጨት አንድደን ጎላውን ጣድን።

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም። ውሃው ሲፈላ አረፋው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ደረሰ። መጽሐፉ ጥቂት ቅቤ ጣል ይደረግበት ይላል።

"ቅቤ? በዐቢይ ጾም?" አሉ እትዬ አልማዝ፣ መጽሐፉን ከእጄ ነጥቀው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ። አረፋውን በጭልፋ ስንገፋ ዋልን።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ነድዶ ጎላው ግማሽ እንኳን አልወረደም። ባልዲዎቹ ግን ዝም ብለው ይሞላሉ። በርሜል አመጣን፣ እሱም ሞላ። ዓርብ ጠዋት ቀኑ ሞቅ ሲል በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ደፈረሰ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም አመጣ። እሳቱን ጨመርኩ። የጎላ እሳት ደግሞ ሥሩን ብቻ አይነካም፣ ጎኑንም ያቅፈዋል። ፈሳሹ እየወረደ ሲሄድ ጎኑ ባዶውን ጋለ፣ እየተረጨ የወጣው ስኳር እዚያው ላይ አረረ፣ ያረረውም ተመልሶ ወደ ውስጥ ወረደ። ጭሱ ስላፈነን ሽታውን አልለየነውም። መቅመስ ነበር የሚያድነን፣ ግን ማን ይቅመስ? ሁለት ጿሚዎች ጎላ ከበን ሰዓት እንጠብቃለን።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ አልማዝ በስመ አብ ብለው በጭልፋው ጫፍ ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ ቀመሱ። ፊታቸውን አየሁት። እኔም ቀመስኩ። እንዳረረ ሸንኮራ መረረኝ።

"ትንሽ ጠቆር ብሏል" አሉ።

"ትንሽ ነው እትዬ" አልኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠርተን፣ ሁለት ሊትር የማትሞላ ጥቁር ነገር በጠርሙስ ይዘን በትዩብ ተመለስን። ደፍርሶ የቀረውን የበርሜሉን ውሃ ሣሩ ላይ ደፋነው። እሑድ ደወሉልኝ። "ከዛፎችህ ነው ብዬ ሰጠሁት። አለቀሰ። በዳቦ በላው፣ ግሩም ነው አለኝ" አሉ። ድምፃቸው ግን የደስታ ድምፅ አልነበረም። ስልኩን ስዘጋ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ አፍሬ አላውቅም። ቦቴ አፍስሶብኝ ያውቃል፣ ታንከር ተመልሶብኝ ያውቃል። ያ ስህተት ነው፣ ይታረማል። ይሄኛውን ግን እያወቅሁ ነው የሠራሁት።

ሰኞ ጠዋት ለጋሽ ዴዝሞንድ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። የሰውየውን ሕመምም ነገርኩት። ጠመኔውን ከጆሮው አወረደ።

"ሲፈላ ማን ነበር የሚቀምሰው?" አለ።

"ማንም። እየጾምን ነበር።"

"ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም።"

"እንግዲያው ኃጢአተኛ ያስፈልጋችኋል" አለ። "እኔ እመጣለሁ።"

ለካስ በልጅነቱ ባርቤዶስ የሸንኮራ ጭማቂ ሲፈላ አጠገቡ ነው ያደገው፤ አያቱ የአገዳ ጭማቂ አፍልተው ስኳር የሚያወጡ ነበሩ። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነው እኔ ጎላ የበየድኩት።

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ መሣል ጀመረ። ማትነኛ የሚመረጠው እንዴት እንደሆነ የተማርኩት ያን ጠዋት ነው፣ እስከ ዛሬም ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብረቱ አይደለም።

"ሴትየዋ ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ወደ ሰባ።"

"እሳት ፊት በቀን ስንት ሰዓት መቆም ትችላለች?"

"እሳቸው አሥራ ሁለት ይላሉ።"

"እሷ የምትለውን ተወው።"

"አራት። ቢበዛ አምስት።"

"ውሃው በቀን መቶ ሊትር ነው። ስለዚህ በሰዓት ሃያ አምስት ሊትር ማትነን አለበት።" ከዚያ ስፋቱን ከዚህ አወጣው፣ ስልሳ ሳንቲ በመቶ ሃያ። ለምን አናሰፋውም ስለው፣ ትሪው ከውሃው በላይ ከሰፋ ፈሳሹ መጨረሻ ላይ እንደ ጥፍር ይሳሳና ሥሩ ያርራል አለ። ሁልጊዜ ሦስት ጣት ውሃ ይኑርበት፤ ሊደርስ ሲል ወደ ትንሽ ድስት ተገልብጦ በጋዝ፣ በቀስታ ይጨረስ። ትሪውን በጋዝ ማንደድ የሲሊንደር ጣጣ አለው፣ በኤሌክትሪክ እንዳይሆን ሜዳው ላይ መሥመር የለም፣ እንጨት ግን ከዛፎቹ ሥር ሞልቷል። እንጨት ከሆነ እሳቱ ከሥሩ እንጂ ከጎኑ እንዳይደርስ ትሪው የብረት ምድጃ ላይ በልኩ ይቀመጥ። ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ቢጨመር መፍላቱ ይቆማል፣ ስለዚህ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ትንሽ ማሞቂያ ይኑር፣ ከእሱ በቀጭን ቧንቧ እየተንጠባጠበ ይግባ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር። ማታውኑ ካምደን ሄድኩ። እትዬ አልማዝ በሩን ሲከፍቱ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ ጎላው ስህተት ነው። መጽሐፉ ልክ ነበር። ሽሮፑም አርሯል።"

"አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?"

"አዎ።"

"ከመጀመሪያው?"

"ሥዕሉን ካየሁ ጊዜ ጀምሮ። አክብሬዎት ነው።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ክብሩን ለቀብሬ አቆየው" አሉ በመጨረሻ። "ለሥራው እውነቱን ንገረኝ። ያን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው እዚህ የደረስኩት።" ቀጥለው "ስንት ቀን ትፈልጋለህ?" አሉ።

ሦስት ቀን ነበር የፈለግነው። ላሜራውን ስንቆርጥ እኔ ማዕዘኖቹን ለመበየድ ችቦውን አነሣሁ፣ ጋሽ ዴዝሞንድ እጄን ያዘ። ቀጭን ላሜራ ሲበየድ በሙቀት ይጣመማል፣ የተጣመመ ሥር ደግሞ ጉብታ ይኖረዋል፣ ያርራል። ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጠፍነው። ከውስጥ ሦስት መከፋፈያ አቆምን፣ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ክፍት እየሆነ፣ ውሃው ከአንድ ጫፍ ገብቶ እየተጠማዘዘ፣ እየወፈረ በሌላው ጫፍ ወደ መቅጃው እንዲደርስ። ሲያልቅ ጋሽ ዴዝሞንድ አንድ ኩባያ ውሃ መሀሉ ላይ አፈሰሰ። ውሃው ሳያደላ እኩል ተነጠፈ። ከዚያ ሞልቶ ጠጣበት። ኩባያውን ለኔም ሞልቶ ሰጠኝ። ሐሙስ ነበር፣ ገና ሰባት ሰዓት። የሰው ፊት አይቼ እንዳላሳፍረው ብዬ ልጠጣ ስል ራሴን ያዝኩ። "ጾም ላይ ነኝ" አልኩት። "ጎበዝ" አለና ራሱ ደገመው።

ዓርብ አለቃችን ሁለታችንንም ለቀቀን። ቡቃያው ሊፈነዳ ቀናት ቀርተውታል፣ ውሃውም መቀነስ ጀምሯል። እትዬ አልማዝ ምስጢሩ አንዴ ወጥቷል ብለው ጆርጅን በተሽከርካሪ ወንበር፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በታክሲ አመጡት። ከነፋሱ ጀርባ አስቀመጥነው። እሳቱ ተያያዘ፣ ትሪው ከዳር እስከ ዳር ፈላ፣ እንፋሎቱ ዛፎቹ መሀል እንደ ደመና ተኛ። አረፋው ሲነሣ ጋሽ ዴዝሞንድ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ጣል አደረገ፣ አረፋው ወዲያው ተኛ።

እትዬ አልማዝ ጠብታዋን አዩ፣ ጋሽ ዴዝሞንድን አዩ። "ዘይት!" አሉ። "እኔኮ ሁለት ቀን በጭልፋ ስደበድብ ነው የከረምኩት።"

ኃጢአተኛችን በየሩብ ሰዓቱ በኩባያው እየቀዳ ይቀምሳል። "ውሃ ነው" ይላል። በኋላ "ጣፈጥ ያለ ውሃ።" በኋላ ከንፈሩን ይልስ ጀመር።

እትዬ አልማዝ ፍልጥ ሊያመጡ ሲሄዱ ጆርጅ እጄን ሳብ አደረገኝ። "የመጀመሪያው አርሮ ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "ሳምንቱን ሙሉ በላሁት። እባክህ እንዳትነግራት።" እሺ አልኩት። ፍልጡን ልቀበል ስሄድ ደግሞ እትዬ አልማዝ ጎተት አደረጉኝ። "ማረሩን ያወቀ ይመስልሃል? ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ እየበላ ነው። እኔ አውቄ እንደሰጠሁት እንዳትነግረው" አሉኝ። ለእሳቸውም እሺ አልኩ። እዚያ እንጨት ታቅፌ ቆሜ ራሴን ታዘብኩት። ደግሜ ጎላ እየበየድኩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ በትንሹ ድስት የጨረስነው ደረሰ። ሲደርስ ከማንኪያ እንደ ውሃ አይንጠባጠብም፣ ተያይዞ እንደ ነጠላ ጫፍ ይወርዳል። መልኩ ቀይ ዳማ ነው፤ ፀሐይ ያሳልፋል። አራት ጠርሙስ ሆነ። እትዬ አልማዝ በማንኪያ ቀድተው ወደ ጆርጅ ሲሄዱ "ይቆዩኝ እትዬ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ።

"ያ የመጀመሪያው አርሮ ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው። ጆርጅ ማረሩን ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ሁለታችሁም እንዳልናገር ቃል አስገብታችሁኛል፣ አልችልም። ይሄኛውም መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉኝ።"

ባልና ሚስት ተያዩ። ጋሽ ዴዝሞንድ ወደ ዛፎቹ ዞረ። መጀመሪያ የሳቀው ጆርጅ ነው፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እትዬ አልማዝ ጀርባውን እየመቱ "አንተ ሰው፣ ምነው አልተናገርክም?" ይሉታል፣ እሱም "አንቺስ?" ይላል። ሳሉ ሲበርድለት አፉን ከፈተ፣ አጎረሱት። አጣጣመው። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ግሩም ነው ቢለኝ አላምነውም ነበር።

"ይሄ አላረረም" አለ። ከዚያ አፉን ደግሞ ከፈተ።

ሦስቱን ጠርሙስ ራሱ ጨረሰው። በየጠዋቱ በዳቦ ይበላ ነበር አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ካምደን ቤቱ፣ በተኛበት አረፈ።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ አልማዝ ተቀመጡ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው ንፍሮውን ራሳቸው ቀቅለው፣ ራሳቸው ያዞራሉ። ሁሉም ዘግኖ "እግዜር ያጽናዎ፣ ንፍሮውም ግሩም ነው" ይላል። እንባ የሚባል ፊታቸው ላይ አላየሁም። እኔ ጋ ደርሰው ሳህኑን ዘረጉልኝ። ዘገንኩ፣ በላሁ። አልሄዱም፣ ቆመው ያዩኛል።

"እህ?" አሉ።

"ጨው በዝቶበታል፣ እትዬ።"

"እኔም ብያለሁ" አሉ። ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ያን ጊዜ አለቀሱ።